ለቅጠል ሁለተኛ ዲግሪ

በሬ ሸጬ ያስተማርሁት የልጅ ልጄ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረው ቅጠል ነው። "ኢኮሎጂና ሲስተማቲክስ" ይለዋል። እኩዮቹ ነፋስ መውጫ ላይ ባጃጅ ሲነዱ እሱ ሜትር ይዞ ከጉና እስከ እስቴ፣ ከእስቴ ቁልቁል እስከ ስማዳ ደን ለደን ይንከራተታል።

የእኛ ደብር ደን ገብቶ ሃያ በሃያ ሜትር ገመድ የወጠረ ዕለት አገር ተሸበረ። የ1989ኙን የመሬት ድልድል ያየን ሰዎች እኮ ነን፤ ገመድ ከተዘረጋ መሬት ሊሄድ ነው። አንዱ ጎረቤቴማ ሮጦ ሄዶ የወሰን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ኋላ ነው የሚለካው ጥድ መሆኑ የታወቀ። የእያንዳንዱን ግንድ ዙሪያ እንደ ልብስ ሰፊ ይለካል፤ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ ከዚያ ዝቅም ከፍም አይሆንም ባይ ነው። ምን ሊሰፋለት እንደሆነ እንጃ!

ይባስ ብሎ የተክሉን ስም የሚጠይቀው እኔን ነው። "አባባ፣ ይችን ምን ትሏታላችሁ?" ቀጋ። "ያንንስ?" አስታ። ማታ ያንኑ በላቲን አድርጎ መልሶ ያስተምረኛል። ዲግሪው የእሱ፣ እኔ "መረጃ ሰጪ"። ኮሶን እንኳ አልማሩትም! ስንቱን የጥሬ ሥጋ ዕዳ ያስከፈለን ዛፍ በዓለም መዝገብ "ሀጌኒያ አቢሲኒካ" ነው አለኝ፤ ካርል ሀገን በሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ስም። ሰውየው አንድ ቀን ኮሶ ጠጥቶ ከሆነ ይንገሩኝና ዝም እላለሁ።

ቤቴም ቤት አልሆነ። ቅጠሉን በጋዜጣ መሀል እያነጠፈ በሁለት ጣውላ ጠፍሮ ያደርቃል። ወሬ ላነብ እጄን ስዘረጋ "አይነካም! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚሄድ ነው" ይለኛል። የጥድን ዘር ማንዘር አሳምሮ ይቆጥራል፤ ሚስት ላጭለት ሰባት ቤትህን ቁጠር ብለው ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈ።

በእርግጥ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። "እመጓ"ን የጻፈው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም የደቡብ ጎንደርን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዞሮ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሆላንድ አገር ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር የተባለው በእነዚሁ ደኖች ነው። ከብት የሚገባበት ደን ዘሩ በወጉ አይበቅልም፣ የበቀለውም ችግኝ አይጸድቅም ብሎ ጽፏል። ይኸማ ሆላንድ ድረስ ያስኬዳል? ችግኝ ሲረገጥ እንደሚሞት ጥጃዬ ራሷ ታውቃለች።

የሆነ ሆኖ፣ የልጅ ልጄ ይኸን ይዞ ሰበካ ጉባኤ ፊት ቆመ። ደናችን ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ነው፣ ተተኪ የለውም፣ ዙሪያው በድንጋይ ካብ ይታጠር አለ። ካህናቱ ደስ አላቸው። ድንጋይ በየቤቱ ተደለደለ፤ የእኔን ድርሻ ከፍ ያደረጉት "የተመራማሪው አያት" ብለው ነው። ያለ እረኛ ደኑ ውስጥ የምትውለው የማን ጥጃ እንደሆነች ለጉባኤው የተናገረውስ ማን ሆነና!

እሺ፣ ካቡ ይካብ፤ ጥጃዬ የት ትጋጥ? ብዬ ጠየቅሁት። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

"እሱ አባባ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚጠና ነው" አለኝ።