ከአጥቂ በፊት ገንዘብ ያዥ

ክረምት ሲገባ ሜዳው ይጨቀያል፣ የዝውውር ወሬው ግን ይሞቃል። ከሐምሌ እስከ መስከረም እንደ ዝናቡ ሳያባራ የሚወርደው የእግር ኳሳችን ዜና ቅርጹ አንድ ነው። «የመስመር አጥቂው ማረፊያ ታወቀ» ይላል ርዕሱ። ከሥሩ ፎቶ አለ። ተጫዋቹ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶ ጨብጧል፤ ከጎኑ የቆመው ኃላፊ ከውሉ ይልቅ ካሜራውን ያያል፤ መካከላቸው ማንም ያልከፈተው የታሸገ ውኃ ተቀምጧል። ቀጥሎ ልጁ ያለፈባቸው ክለቦች እንደ ትውልድ ሐረግ ይቆጠራሉ፣ አምስት ዓመት፣ አምስት ክለብ። በመጨረሻም «ፊርማውን አኑሯል» ይባልና ደጋፊው ዘንድሮስ ሰው ሆንን ብሎ ያድራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፎቶው ውስጥ የሌለው ሰው ነው፤ እዚያ የተፈረመውን ገንዘብ በየወሩ ቆጥሮ የሚከፍለው። እንደ ወልቂጤ ከተማ ያለ ቡድን በክረምት ራሱን ሊያጠናክር ካሰበ፣ ዘጠኝ ቁጥር ከመፈለጉ በፊት ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ማስፈረም አለበት ባይ ነኝ። ሐሳቡ ቀልድ ቢመስልም ማስረጃው ቀልድ አይደለም።

ወልቂጤ ከተማ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2012 የውድድር ዘመን ነው። ያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በ2013 ሱፐርስፖርት የሊጉን የቴሌቪዥን መብት ገዝቶ ሲመጣ ደግሞ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄድ ሆነ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ ሲባል የወልቂጤ ሰው «ሠራተኞቹ» የሚለውን ቡድኑን የሚያገኘው በዲኤስቲቪ ብቻ ሆነ። ሜዳው እዚያው ቆሟል፤ ቡድኑ ግን እንደ አገር አቋራጭ አውቶብስ ሌላ ከተማ ያድራል። ሆኖም ክለቡ ሰው የማስፈረም ድፍረት አላጣም። በ2014 የውድድር ዘመን ጌታነህ ከበደን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሲያመጣ ከአገሪቱ አጥቂዎች አንደኛውን ማምጣቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ስትለያይ የእኛን ጎል በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ይኸው የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ነው። ከጅማ መንገድ ዳር የተነሣ የከተማ ክለብ በአህጉሩ መድረክ በተጫዋቹ በኩል ስሙን አስጠራ። እንግዲህ የአጥቂ ችግር አልነበረበትም ማለት ነው። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ግን ለ2017 የክለብ ፈቃድ መስፈርቱን ሳያሟላ ቀርቶ ከፕሪሚየር ሊጉ ውጪ ሆነ። አንድ ቡድን የወጣው በውድድሩ መጨረሻ ሳይሆን ውድድሩ ሳይጀመር፣ ጎል ተቆጥሮበት ሳይሆን ወረቀቱ ሳይሟላ ከሆነ፣ ተከላካዮቹን ለመውቀስ ያስቸግራል። በረኛው ምን ያድርግ? ቢሮ ውስጥ የገባ ኳስ በጓንት አይያዝም።

ከዚያ በፊትም ተጫዋቾቹ ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ አቆሙ የሚል ዜና መውጣቱን የስፖርት ወዳጅ ያስታውሳል። ይህ ነገር የወልቂጤ ብቻ ገበና አይደለም፤ ብዙ የከተማ ክለቦቻችን የሚጋሩት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት የዘመን መቁጠሪያውን ማየት ይበቃል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የብዙ ተጫዋቾች ውልም ያንኑ ቀን ያበቃል። ስለዚህ ሰኔና ሰኞ በየዓመቱ ይገጥምብናል፤ ካዝናውም ቡድኑም ባንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ሐምሌ ላይ አዲስ በጀት ይፀድቃል፣ አዲስ አሠልጣኝ ይመጣል፣ አሠልጣኙም የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ይዞ ይመጣል። መስከረም ላይ «ቡድኑ ገና አልተዋሐደም» ይባላል፣ ጥር ላይ «መዋሐድ ጀምሯል» ይባላል፣ ሚያዝያ ላይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ሰኔ 30 የተዋሐደው ቡድን ይበተናል። ይህን ማጠናከር ብሎ መጥራት ይከብዳል። የሚጠናከር ነገር ካለፈው ዓመት የተረፈ ነገር ይፈልጋላ! በየክረምቱ አሥራ አምስት ሰው የሚያስፈርም ክለብ በየክረምቱ አሥራ አምስት ሰው የሚለቅ ክለብ ነው፤ የመጀመሪያው ዜና ፎቶ ስላለው ብቻ ሁለተኛው ይረሳል።

ገንዘቡን በሕግ ለመግታት አልተሞከረም አይባልም። ከ2012 የውድድር ዘመን በፊት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ተወሰነ። ክለቦቹ ራሳቸው ያጨበጨቡለት ውሳኔ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ውል ሁለት ዓይነት ነው ተባለ፤ አንዱ ለፌዴሬሽን የሚቀርብ፣ ሌላው ከጠረጴዛ በታች የሚቀመጥ። ጣሪያ በተሠራ ቁጥር ምድር ቤት ይቆፈራል። በ2017 ደግሞ መንገዱ ተቀየረና ክለቡ በጠቅላላ ለተጫዋቾች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በዓመት ከ57.5 ሚሊዮን ብር በላይ እንዳያወጣ የሚል መመሪያ መጣ። ይህኛው ከፊተኛው የተሻለ ነው፤ አንዱ ኮከብ ሲወደድ ሌላው መርከስ ስላለበት ክለቡን ሒሳብ ያሠራዋል። ገንዘቡን ለ25 ተጫዋቾች አካፍለን ለ12 ወር ብንበትነው ለእያንዳንዱ በወር 190 ሺህ ብር ግድም ይደርሳል። ቁጥሩን የሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሜዳ ቢሰድ አይፈረድበትም። የእኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው። ጣሪያ አለ ማለት እስከ ጣሪያው መውጣት ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ትልልቅ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ከኋላቸው የቆሙላቸው ክለቦች የሚነኩትን ጣሪያ የከተማ ክለብ ልንካ ብሎ ቢንጠራራ እግሩ ከመሬት ይለቃል።

እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር አገሩ ነው። ወልቂጤ ባለችበት በጉራጌ ምድር ገንዘብ አሰባስቦ ለቁም ነገር የማዋል ጥበብ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ከአዲስ አበባ ነጋዴም ከገጠር ገበሬም አዋጥቶ፣ መንግሥትን ሳይጠብቅ መንገድ ያስቆፈረ ሕዝብ ነው። የቤት እመቤቶቹ ለመስቀል የሚሆነውን ቅቤ በዕቁብ የሚያጠራቅሙት በዓሉ ብዙ ወራት ሲቀሩት ጀምሮ ነው። ዕቁብን ያየ ሰው ደግሞ ሕጉን ያውቃል፤ ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፣ ዳኛውና ጸሐፊው ዋሱን ያያሉ፣ ዋሱ ካላማረ ብሩ አይወጣም። ማንም በዚህ አይቀየምም። የእግር ኳስ ክለብ ውል ሲፈርም ግን ዋስ የሚጠራው አይታይም። የሁለት ዓመት ደመወዝ ቃል የሚገባው ገና ባልፀደቀ በጀት፣ ገና ባልተገኘ ስፖንሰር፣ «ባለሀብቶች ቃል ገብተውልናል» በሚል ተስፋ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል በመጨረሻ የጠየቀው ነገርም ከዕቁብ ዳኛው ጥያቄ የራቀ አይመስለኝም፤ ዋስህ ማነው? የቅቤ ዕቁብ የምትጥል እናት የምትመልሰውን ጥያቄ ክለብ ሳይመልስ ሲቀር ያሳፍራል።

«ደጋፊ ገንዘብ ያዥ ለማየት ቴሌቪዥን አይከፍትም» የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። ኳስ የሚኖረው በስምና በጎል ነው። ጌታነህ ሲመጣ የተፈጠረው ደስታ እውነተኛ ነበር፣ ያስቆጠራቸው ጎሎችም እውነተኛ ነበሩ፤ እሱን ማስፈረሙ ስህተት ነበር ብዬም አልከራከርም። ኮከብ መግዛት ኃጢአት የሚሆነው ከሥሩ ያለው ወለል ሳይደለደል ሲቀር ነው። ይህ ደግሞ የድሃ ክለብ በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። እንግሊዝ ውስጥ ሊድስ ዩናይትድ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ያን ቡድን ያቆመው ነገ በሚገባ ገንዘብ ተስፋ የተወሰደ ብድር ነበር። በኋላ የክለቡ መዝገብ ሲገለጥ ለሊቀመንበሩ ቢሮ ማስጌጫ የሚሆኑ ወርቃማ ዓሣዎች ሳይቀሩ በኪራይ መሆናቸው ታወቀ። ሪዮ ፈርዲናንድ ተሸጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ በ2004 ክለቡ ወረደ። ተመልሶ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት 16 ዓመት ፈጀበት። ዓሣዎቹ የት እንደደረሱ የጻፈ የለም። እኛ ጋ ዓሣ የሚከራይ ክለብ ባይኖርም፣ ኪራዩን ሳይከፍል ሆቴል የሚያስቀምጥ አይጠፋም።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ በኩል የሚመጣው ነው። የአንድ ዓመት ውል ብልህነት ነው ይላሉ፤ ልጁ ቢጎዳስ? ቢሰንፍስ? ለምን ሁለት ሦስት ዓመት እንሸከመዋለን? ላይ ላዩን ሲታይ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ሰነፉን በሰኔ የምታሰናብትበት ውል ጎበዙንም በሰኔ ያሰናብተዋል፤ እሱም በነፃ ነው የሚሄደው። ተጫዋች ገዝቶ የሚያውቅ፣ ሸጦ ግን የማያውቅ ክለብ ነጋዴ አይባልም፣ ሸማች ነው። በሜዳው ስለማይጫወት ከበር የሚገባ ገንዘብ የለውም፤ ከመንግሥት በጀትና ከስፖንሰር ሌላ ሊያገኝ ከሚችለው ገቢ አንዱ ውል ያለውን ተጫዋች መሸጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ርካሹና ጥሩው ዕቃ ደጁ ላይ አለ። የፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች በውሉ ዘመን ወደ ውጭ አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ውስጥ በባዶ እግሩ የጀመረ ልጅ አንድ ቀን ካይሮ ወይም ጆሃንስበርግ ቢደርስና እንደገና ቢሸጥ፣ ያሳደገው ክለብ ድርሻውን ይጠይቃል። መጠየቅ የሚችለው ግን ልጁን በወቅቱ ካስመዘገበና ሰነዱን ካስቀመጠ ነው። አሁንም ወደ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመለስን፤ ሆን ብዬ አይደለም፣ መንገዱ ራሱ ወደዚያ ይወስዳል።

ታዲያ ቡድኑን በአካባቢ ልጅ ብቻ እንሙላው ማለቴ አይደለም። እስፔን ውስጥ አትሌቲክ ቢልባኦ በባስክ ልጆች ብቻ እየተጫወተ ከላይኛው ሊግ ወርዶ አለማወቁ እውነት ነው፤ ግን ከኋላው ከመቶ ዓመት በላይ ልምድና በየመንደሩ የተዘረጋ የማሠልጠኛ መረብ አለ። እኛ ነገ ተነሥተን ያን እናድርግ ብንል ውጤቱ ሦስት ሽንፈትና አንድ ስብሰባ ነው። የምለው ቀለል ያለ ነው። ቡታጅራ ከተማ ለዓመታት በከፍተኛ ሊግ ሲመላለስ የኖረ ክለብ ነው፤ ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ብትሆንም የዞን መለያየት ለተጫዋች ገበያ አጥር አይደለም። ወልቂጤና ቡታጅራ በውሰት ቢሰጣጡ፣ አንዱ የተስፋ ቡድን ልጁን ወደ ሌላው ልኮ ዓመት ሙሉ ቢያጫውተው፣ ሌላውም ለጎበዙ ልጅ ሁለት ዓመት ውል ሰጥቶ በዋጋ ቢሸጠው፣ ሁለቱም ያተርፋሉ። ከአምስት ክለብ የዞረውን አማካይ በስድስተኛ ፎቶ ከማስጎንበስ ይሻላል። ደላላው ይከፋዋል፤ ይክፋው።

በመጨረሻ የጊዜ ጉዳይ አለ። ይህ ሁሉ መቼ ይወሰን ቢባል መልሱ መስቀል ነው። አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ባሕር ማዶ ያለው ሁሉ አገሩ የሚገባበት፣ በየቤቱ ክትፎና ቆጮ ቀርቦ ዘመድ ከዘመድ የሚነጋገርበት ሰሞን ነው። በዓል ላይ ሒሳብ ማንሣት ነውር ነው የሚል ይኖራል። ነውር አይደለም፤ በዚህ አገር የጋራ ጉዳይ የሚመከረው ሰው ሲሰባሰብ ነው። ስለዚህ ክለቡ ቲሸርት ከመሸጡ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያቅርብ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ስንት ወር አልተከፈለም፣ ዘንድሮ የተፈረመው ውል ሁሉ ዋሱ ማነው። የሚያዋጣው ያንን አይቶ ያዋጣ፤ የሚያጉረመርመውም እዚያው ያጉረምርም። ጥያቄው ሳምንት መዋል የለበትም፤ በዓሉ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ መርካቶው ይመለሳል፣ የዝውውር መስኮቱም ለማንም አይጠብቅም።