የከፈለ ይጠርጠር

ጨዋ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ሶፍትዌር ኮፒ አያደርግም። ፍላሽ ላይ ገልብጦ መሳቢያ ውስጥ መደበቅማ ከቶ አይታሰብም! ሃርድ ዲስኩ ቢቃጠል ፕሮግራሙም አብሮ ይቃጠል። ገንዘብ እንደሆነ እንደገና ይገኛል፤ ጨዋነት ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ይህን ጨዋነት ያስተማረኝ የላፕቶፔ መቃጠል ነው። ዋሽንግተን ያለች እህቴ በካርዷ፣ በዶላር ከፍላ የገዛችልኝን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ልጭን ስል፣ የተፈቀደልኝ የኮምፒውተር ብዛት መሙላቱን አስታወቀኝ። ለድርጅቱ ጻፍኩ። በትሕትና መለሱልኝ፦ የድሮውን ኮምፒውተር አብርቼ ፈቃዱን ከዚያ ላይ ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። የተቃጠለውን ማለታቸው ነው። እታች ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ደግሞ የዚያኑ ፕሮግራም ክራክ አስገብቶ ሲሠራበት ከርሟል። ኢሜይልህን አረጋግጥ አይለው፣ ኢንተርኔት ግባ አይለው፣ ሰላማዊ ኑሮ ነው። ተገቢም ነው። ሌባን መጠርጠር ትርፉ ድካም ነው፤ ሌባነቱ ይታወቃላ! መጠርጠር ያለበት ገዢው ነው። ዛሬ የከፈለ ሰው ነገ ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል?

ሕግ አውጪዎች በዚህ ረገድ ልል ነበሩ። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 የፕሮግራም ቅጂ ባለቤት ለመጠባበቂያ ኮፒ እንዲያስቀር ፈቀደ። የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሳይቀር፣ በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ፕሮግራም ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካ አንድ ቅጂ ማስቀመጥን አይከለክልም። ደግነቱ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ነቁ፤ የፈጠራ ሥራ የተቆለፈበትን ዲጂታል ቁልፍ መስበርን የሚከለክል ሕግ አወጡ። ኮፒ የማድረግ መብት እንዳለ አለ፤ የተቆለፈውን መክፈት ነው ጥፋቱ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የተሰጠውን ፍርድ ነው። ኤምኤአይ የተባለ ኩባንያ ፒክ የተባለ የኮምፒውተር ጥገና ድርጅትን ከሶ፣ የአሜሪካ 9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጠጋኙ የደንበኛውን ማሽን አብርቶ ፕሮግራሙ ወደ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው (ራም) ሲገባ ያ ራሱ ቅጂ ነው አለ። ኮንግረሱ በኋላ ለጠጋኞች ቀዳዳ አበጀላቸው። ሐሳቡ ግን ታላቅ ነው። ኮምፒውተር ማብራት ኮፒ ማድረግ ነው! እንግዲህ ፍጹም ጨዋ የሚባለው፣ ገዝቶ የማያበራ ነው።

እዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባ ሰው ከዓለም ሁሉ ቀድሞ የሚገኘው። ራም መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳልና። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ኮፒ ሲያደርግ ይቆያል፤ አራት ሰዓት ላይ መብራት ድርግም ይልና መቶ ሺህ ሕገወጥ ቅጂ በአንድ ቅጽበት ይደመሰሳል። ያለ ዳኛ፣ ያለ ጠበቃ። እኛ ግን ይህን ጸጋ ሳናውቅ እናማርራለን፤ ሶፍትዌር አምራቾች ለየሰፈሩ ትራንስፎርመር ብልሽት የምስጋና ደብዳቤ ሊጽፉ ሲገባቸው! በዚህ ዓይን ሲታይ ዩፒኤስ ምንድነው? ግብረ አበር ነው። ቅጂው ሊሞት ሲል ሃያ ደቂቃ እስትንፋስ የሚሰጥ ወንጀለኛ። ጄኔሬተርማ የተደራጀ ወንጀል ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ ለመያዝ አያስቸግርም። ጉዳዩ ወደ ንስሐ አባት መድረሱም አይቀርም።

«አባቴ፣ ዛሬ ኮምፒውተሬን ሁለት ጊዜ አበራሁ።»

«ልጄ፣ ስትተኛስ አጥፍተኸው ነው?»

«ስሊፕ ላይ ትቼው ነው፣ አባቴ።»

የአባ ፊት ይጠቁራል። ስሊፕ ማለት ቅጂውን አቅፎ ማደር ነው። አርባ ስግደት፣ በዚያ ላይ አንድ ሳምንት ያለ ዩፒኤስ። ሌላው ምእመን ተራውን ሲጠብቅ ቻርጀሩን ነጠላው ውስጥ ይሸሽጋል። እድሩም ቢሆን ዝም አይልም፤ ላፕቶፕ ባትሪው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ አባል ድንኳንና ወንበር እንዳይሰጠው ይወሰናል፤ ቃለ ጉባኤው በእጅ ይጻፋል፣ በአንድ ቅጂ ብቻ።

ይበቃል። የገዛሁትን ለራሴ ባስቀምጥ ማን ተጎዳ? ማንም። የሰውን ድካም ገልብጦ የሚቸበችብ ሌባ ነው፣ በዚህ ክርክር የለኝም። እኔ ግን ከፍያለሁ።

ጨዋነት የማይመለከተው ሻጩን ብቻ ነው። ሶኒ ቢኤምጂ ደንበኞቹ ኮፒ እንዳያደርጉ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 በሙዚቃ ሲዲዎቹ በኩል ራሱን የሚደብቅ ፕሮግራም በሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሲጭን ተገኘ። በሰው ቤት፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ የራሱን ቅጂ ማስቀመጥ! አማዞንም እ.ኤ.አ. በ2009 መብቱ በሌለው ሻጭ በኩል የተሸጡ መጻሕፍትን ከገዢዎች የኪንድል ማንበቢያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋ፤ ከመጻሕፍቱ አንዱ፣ ሥራ ፈት ቀልደኛ የመረጠው ይመስል፣ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር። ገንዘቡን መለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። መጽሐፍ የገዛ ሰው ግን ሌሊት መደርደሪያው ሲበረበር ያደረ ያህል ነው።

ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና ጨዋታ አወጣ። ብቻዎን ቢጫወቱም ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሳይገናኙ አይከፈትም ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ማብቂያ ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ዲስኩ በእጁ ያለውም ሰው መጫወት አልቻለም። ኮፒ ቢያስቀርም የሚረባው ነገር የለም፤ በዚህ በኩል ኩባንያው ከፈተና ጠብቆታል። የተቆጡ ገዢዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሱ። ኩባንያው የመለሰው ገዢዎቹ ያገኙት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም ብሎ ነው። የእነሱን ገንዘብ ግን በፈቃድ አልያዘውም፤ ጠቅልሎ ነው የወሰደው።