ሲስተም የለም

በር ሳይከፈት ተሰልፎ ረፋዱ ላይ «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለሱ» ያልተባለ ባለጉዳይ ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ በበኩሌ ደጅ መጥናት ሰልችቶኛል። ከሰዓት ሲመለሱ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል፤ ማህተሙም ተቆልፎበታል።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ዲጂታል መታወቂያዬን ከስልኬ ላይ ባሳይ «በከለር አሳትመህ ኮፒውን አያይዝ» ተባልኩ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣው ሰው ማንነቱን በቁጥር እንዲያረጋግጥ ነበር። ቁጥሩን ግን ማን ያጣራዋል? የቀበሌው መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶው፣ የድጋፍ ደብዳቤው አሁንም ይጠየቃል። አዲሱ አሮጌውን አልተካውም፤ ላዩ ላይ ተደረበ እንጂ።

«ምን እናድርግ፣ ሰዉ በዛ» ይሉናል። የሰው መብዛት ብቻውን ይህን አያመጣም። ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ የሒሳብ ሰው ኮፐንሃገን ውስጥ በስልክ መስመር መጨናነቅ ላይ ያተኮረ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1909 ካወጣ ወዲህ ወረፋ ራሱን የቻለ የሒሳብ ዘርፍ ሆኗል። ባለጉዳይ እንደመጣለት የሚመጣበት፣ የአንዱ ጉዳይ ቶሎ የሚያልቅበት፣ የሌላው የሚጓተትበት አንድ መስኮት እናስብ። በቀላሉ ስሌት፣ ከሥራ ሰዓቱ 90 በመቶው ከተያዘ በአማካይ 9 ሰው ይኖረዋል፤ 95 በመቶ ሲሆን 19፤ 99 በመቶ ሲደርስ 99 ሰው። ከ90 ወደ 99 ሥራው የጨመረው በአንድ አሥረኛ ነው፤ ሰልፉ ግን 11 እጥፍ ሆነ።

የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እያንዳንዱ «ይህንንም አምጣ» መስኮቱን ወደዚያ ጫፍ ይገፋዋል። ትንሽ የምትመስል አንዲት ደብዳቤ መቶ ሰው ፀሐይ ላይ ታቆማለች። በተቃራኒው ከሚጠየቀው ጥቂቱ ቢሰረዝ፣ ኮምፒውተር ሳይገዛ፣ ሠራተኛ ሳይቀጠር ሰልፉ ይቀልጣል። የማይጠየቅ ወረቀት ወረፋ የለውም።

ታዲያ ለምን አይሰረዝም? ጠያቂው ምንም ስለማይጎድልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቅር ያለው ደንበኛ ሲም ካርድ መቀየር ይችላል። ከመንግሥት መስኮት ፊት የቆመ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? አማራጭ በሌለበት ቦታ ቢያንስ የማስረዳት ሸክሙ በጠያቂው ላይ ይሁን። ይህ ወረቀት ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት ያልቻለ መሥሪያ ቤት ዜጋውን እንዳይጠይቅ ሕግ ሊከለክለው ይገባል። ነፃነት ከምርጫ ሣጥን ብቻ አይጀምርም፤ ያለ በቂ ምክንያት አለመመላለስም ነፃነት ነው።

የቀን ሠራተኛ ለአንድ ማህተም ሁለት ቀን ሲመላለስ የሁለት ቀን እንጀራው ይቀርበታል። ያንን ማንም በካርኒ አይመልስለትም።