ኮከብ ሰፋሁ፣ ሸረሪት ወጣ

ፒያሳ ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የሙሽራ ሱፍ ሰፍቻለሁ፤ የሐዘን ጥቁር በአንድ ሌሊት አድርሻለሁ፤ ሆዱ በየወሩ የሚለዋወጥ ነጋዴ ለክቼ ሱሪው ልክ ሆኖለታል። በስተርጅና የረታኝ ደንበኛ ግን ቁመቱ ከጉልበቴ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ዕድሜው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ የሚጠራኝም «አዎዌ» ብሎ ነው። አያቴ ማለት ከብዶት እኮ አይደለም። ሐርጌሳ ተወልዶ በሶማልኛ አፉን ስለፈታ ነው።

መዘዙ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእህቴ ልጅ ለሃሎዊን ሕፃኗን ዱባ አልብሳ ፎቶ ላከችልን። ዱባ! እኛ ዱባን የምናውቀው በወጥ ነው። ያ የፈረንጅ በዓል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጥቅምት 21 ነው፤ በማርያም ቀን ልጅን አትክልት ማድረግ ምን የሚሉት ነው? ልጄ ግን ፎቶውን አይታ ዐይኗ በራ። «አባዬ፣ እኛም ለግንቦት 10 አንተ ትሰፋለታለህ» አለችኝ። ትሰፋለታለህ ወይ አላለችም። እዚህ ሐርጌሳ ሥራ አግኝታ ስትመጣም እኔንና ሲንጀሬን አንድ ላይ ነው የጫነችን፤ ማንኛችን የዕቃው ማንኛችን የሰው ሒሳብ እንደተከፈለልን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግንቦት 10 እዚህ አገር ታላቅ ቀን ነው። በ1983 በዚያ ዕለት ሶማሊላንድ ከሶማሊያ መለየቷ ቡርዖ ላይ ታወጀ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ማን ልብ ብሎት! መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሊሄዱ ሦስት ቀን፣ ኢሕአዴግ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶ ነበር፤ ሁሉም ዱቄትና ዘይት ነበር የሚያከማቸው። ዛሬ ያ ቀን በደረሰ ቁጥር የሐርጌሳ ሕፃን ሁሉ ባንዲራ ይለብሳል። ቀሚሱ ባንዲራ፣ ቆቡ ባንዲራ፣ የፀጉር ማስያዣው ባንዲራ።

ጨርቅ ፍለጋ ወጣሁ። ድሮ ዋሂን ገበያ ገብቼ ዐይኔን ጨፍኜ የምፈልገውን አገኝ ነበር፤ መጋቢት 23 ቀን 2014 ከተቃጠለ ወዲህ የማውቃቸው ጨርቅ ሻጮች ተበታትነዋል። ዞሬ ዞሬ ሳቲን አገኘሁ። አረንጓዴ ቁረጥልኝ አልኩት። ቀይ ቁረጥልኝ አልኩት። በመካከል እጄ እኔን ሳያማክር ቢጫውን አነሣ።

ቤት ገብቼ ቆርጬ፣ በእጅ ሸልዬ፣ ለጎረቤቴ አሳየሁ። ይህች ሴት በ1980 ሐርጌሳ ስትደበደብ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ድንበር ተሻግራ ሐርቲሼክ መጠለያ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከልጅ ልጄ ይሻላል። ጨርቁን አየች፣ እኔን አየች። «አዴር (አጎቴ)፣ ይሄ የእናንተ ነው» አለችኝ።

ለካ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጌዋለሁ! ልጁን እንዲያ አልብሼ በግንቦት 10 ሐርጌሳ መሃል ላቆመው! ቢጫው ተተርትሮ ነጭ ገባ። ቢጫውም የትራስ ልብስ ሆኖ አሁንም ከአልጋዬ ላይ ያፌዝብኛል።

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። በባንዲራው አረንጓዴ ላይ በነጭ የተጻፈው ሸሃዳ፣ የእስልምና የእምነት ቃል ነው። እኔ ባለሙያ ነኝ፣ ጥልፍ አይቸግረኝም ብዬ ክር ስመርጥ ጎረቤቴ እጄን ያዘችው። «ልጁ ዳይፐር ትቷል?» አለችኝ። አልተወም። «እንግዲያው ተወው።» የአምላክ ስም ያለበትን ልብስ እንዲህ ያለ ልጅ ተቀምጦ ምን እንደሚያደርግበት ለእኔም ወዲያው ታየኝ። አረንጓዴው ባዶውን ቀረ። ሃይማኖታችን ቢለያይም በዚህ ነገር አንድ ነን።

ጥቁር ክሬ ደግሞ አለቀ። ከጅግጅጋ ላኩልኝ ብዬ አራት ቀን ጠበቅኩ። በዚያው በቶጎ ውጫሌ መንገድ ጫት በየቀኑ እየበረረ ሲመጣ ክር ምን እንደሚያዘገየው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ምናልባት ክርም ቢቃም ኖሮ።

ልኬቱንማ ተዉት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ሳደርግ ይስቃል፣ ደረቱ ላይ ሳደርግ ይሮጣል። በመጨረሻ ተኝቶ ሳለ ለካሁት፤ የተኛ ልጅ ደግሞ እንደ ተፈታ ክር ይረዝማል። እጅጌው እስከ ጣቶቹ ወረደ።

በነጩ መሃል ጥቁር ኮከብ አለ። አምስት ጫፍ። ሳቲን እንደ ሐሜት ነው፤ ጫፉን ከነካኸው ይተረተራል። ሁለት ሌሊት ዘምዝሜ፣ በካውያ ተኩሼ፣ ልክ እምብርቱ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት አለበስነው። ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ። ከዚያ የጮኸው ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ።

«ሸረሪት!»

ኮከቡን ፈታሁት። ጀርባው ላይ ሰፋሁት፣ እንዳያየው ብዬ። አርባ ዓመት ሙያ እዚህ ደረሰ።

በበዓሉ ቀን ከተማ ወጣን። ሰው እንደ ባሕር ነው። መሃል ከተማ መታሰቢያው ላይ አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን ተሰቅሏል፤ በ1980 የሶማሊያ መንግሥት አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ይደበድቡ ነበር። ጎረቤቴ እዚያ ስትደርስ ዝም አለች፤ እኔም ማጉረምረሜን ለጥቂት ጊዜ ተውኩ። ልጇ ከራሷ እስከ እግሯ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ለብሳ እየዘለለች ታስቸግራታለች፤ እናቷ ግን እጇን አልለቀቀችም።

የእኔው ግን ቀና ብሎ አየ። ሕንፃው ላይ ሸረሪት። መኪናው ላይ ሸረሪት። የሕፃናቱ ሁሉ ደረት ላይ ሸረሪት! አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ፊቱን ኮሌታዬ ውስጥ ቀበረ፤ ያን ሁሉ የሰፋሁለትን ልብስ ማንም አላየውም፤ የታየው ጀርባው ብቻ ነው። እሱም እንግዲህ ባለ ኮከብ። ዳይፐሩም ከሙሉ ቀን በላይ አልቻለም፤ ኮቴ ከነገበሩ ታጠበ።

ማታ የእህቴ ልጅ ደወለች። ልጄ ፎቶውን ልካላት ኖሯል። «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ! ለጥቅምት ለእኔም ልጅ ስፋላት፤ ዱባው ጠቧታል» አለችኝ። ምን እንድትሆን ትፈልጊያለሽ አልኳት።

ሸረሪት። ባለ ስምንት እግር።

ጥቁሩ ሳቲን ተርፎኛል። ክሩን ግን ዛሬውኑ ከጅግጅጋ ላዝዝ፤ አምስት ወር ነው ያለው።