ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለ በረዶ መከራከር

ክረምት መግቢያ ላይ ሩዙን አስጥቶ ሻይ የሚጠጣ የወረታ ነጋዴ አንድ ዐይኑ ምንጊዜም ጉና ተራራ ላይ ነው። በዚያ በኩል ደመናው ጠቆር ካለ ብርጭቆውን ትቶ ይነሣል፤ «ኧረ ስጥ አንሡ!» ይላል። ሜዳው ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ የሚስቅበት ግን የለም። ፎገራ ሜዳ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ሞልተው መጥተው ማሳውን እንደሚያጥለቀልቁት ሕፃኑም ያውቃል።

ይኸው ሰው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሊሄድ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። በረራው በአየር ጠባይ ምክንያት ዘገየ ሲባል ጣቱን ወደ መስኮቱ ይቀስራል። «የምን አየር ጠባይ? ይኸው ፀሐይ!»

«ላይ በረዶ ይኖር ይሆናል፣ ጋሼ» ይለዋል አንድ ወጣት።

«በረዶ? አውሮፓ ነን እንዴ?»

አዳራሹ ይስቃል። ጋሼ ለሩዙ ያመነውን ደመና ለነፍሱ አያምነውም።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በእኛ ሰማይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ዜሮ ይገባል። የክረምት ደመና ከዚያም አልፎ ይቆለላል። እዚያ ያለው ጠብታ ከዜሮ በታች ሆኖም ውሃነቱን ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። ክንፍ ሲነካው ነው እዚያው ተለጥፎ በረዶ የሚሆነው።

የሚያስፈራው ክብደቱ ይመስለናል። ዋናው ጉዳት ግን የክንፉን ቅርጽ ማበላሸቱ ነው። አናጢ እንጨት እንደሚያለሰልስበት ወረቀት የሳሳና የሻከረ በረዶ ክንፉ ላይ ቢይዝ፣ የማንሣት ጉልበቱን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩንም ጎታችነት እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል።

ወደ ጎንደር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን መላ አለው፤ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ጎማ በአየር እየተነፋ በረዶውን ሰባብሮ ይጥለዋል። ከትንንሾቹ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። «እኔ ዝቅ ብዬ ነው የምበረው» ያለም አላመለጠም። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ውስጥ ነዳጁ ሲተን አየሩን ክፉኛ ያቀዘቅዘዋል፤ ውጭው 25 ዲግሪ ቢሆን እንኳ እርጥበት ካለ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ በረዶ ይሠራል። ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚውልበት የፎገራ ክረምት ለዚህ የተመቸ ነው፤ የአብራሪው ሸሚዝ በላብ ርሶ ሞተሩ በበረዶ ይታነቃል። ትኩስ አየር የሚያስገባ እጀታ ተበጅቶለታል። ችግሩ፣ በዚህ ሙቀት በረዶ መኖሩን ያላመነ ሰው እጀታውን አይስበውም።

«ሞቃት አገር ነን» ማለት ብራዚልንም አላዳነም። ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በሳኦ ፓውሎ ግዛት ኤቲአር 72 አውሮፕላን ወድቆ የተሳፈሩት 62 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት አውሮፕላኑ በረዶ በሚያሲዝ ደመና ውስጥ ይበር እንደነበር ገልጿል። እሱም የበረዶ መከላከያ ያለው አውሮፕላን ነበር።

በትልቁ አውሮፕላን የመንገደኛው ማጉረምረም አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። በትንሿ ግን አንድ አለቃ አብራሪው ጎን ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። «እንሂድ እንጂ ካፒቴን፣ ስብሰባ አለብኝ!» ካፒቴኑ ደመናውን አይቶ ዝም ይላል። አለቅየው ደግሞ ዝምታውን ፍርሃት ነው ብሎ ይተረጉመዋል፤ «ምንም አይል፣ እኔ አለሁ» ብሎም ያደፋፍረዋል። ደመናው ግን የማንንም ሥልጣን አይጠይቅም።

«አልነሣም» የሚል አብራሪ የገጠመው መንገደኛ ቢበዛ ስብሰባው ያመልጠዋል፣ ሆቴል አድሮ ይከፍላል፣ ለወር ያህልም ያገኘውን ሁሉ ይዞ ያማርራል። ለአንድ ወር ማማረር ግን ቢያንስ አንድ ወር መኖርን ይጠይቃል።