ዓለምን አድኑልኝ ያለ ማን ነው?

የዘንድሮ ፊልም ዓለምን ካላዳነ አያልቅም። የልጅ ልጆቼ ሶፋው ላይ አስቀምጠው «አቬንጀርስ ኢንድጌም» የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የአሜሪካ ፊልም አሳዩኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ያ ሁሉ ጀግና አንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ ሲተራመስ እኔ አንኮራፍቻለሁ። ነቅቼ «ማን ሞተ?» ብል፣ «አባባ፣ እሱ እንዲገባዎት መጀመሪያ 21 ፊልም ማየት ነበረብዎት» አሉኝ። ፊልም ነው ወይስ የዲግሪ ትምህርት?

በእኛ ጊዜ አንድ ብስክሌት ይበቃ ነበር። የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» ማለቴ ነው፤ የ1948 ሥራ። ሥራ አጡ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ሚስቱ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ መያዣ የተያዘውን ብስክሌት ታስለቅቅለታለች። ገና በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው! አባትና ትንሽ ልጁ ሮምን ሲያስሱ እኔ ዓይኔን አልከደንኩም። ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራው እንኳ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጣልያን ላይ ያለኝ ቂም እንዳለ ነው፤ ይህን ፊልም ግን ከቂሙ አስቀርቼዋለሁ።

የህንዱንማ አታንሱብኝ። በ«ማዘር ኢንዲያ» (1957) ናርጊስ የገዛ ልጇን በጥይት ስትመታ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ይነፋረቅ ነበር። ቋንቋው አይገባንም፤ ዘፈኑን ግን እያንጎራጎርን እንወጣለን። አሁን ልጆቹ ዘፈን ሲመጣ በጣታቸው ያሳልፉታል። ዘፈኑን ካለፉት ምን ሊያዩ ነው?

ምሁራኑም ቢሆኑ አልዳኑም። በ2022 ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የፊልም ተቺዎችን ድምፅ አሰባስቦ የዓለምን ቁጥር አንድ ፊልም መረጠ፤ የቤልጂጓ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችውን «ዣን ዲልማን»። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ሴትዮዋ ድንች ትልጣለች። ሳህን ታጥባለች። እንደገና ድንች! ባለቤቴ «ልጣጩን አወፈረችው» ብላ ተነስታ ሄደች። መጨረሻው ላይ የሚሆነውን እስከዚያ የታገሠ ራሱ ይየው፤ እኔ አልናገርም።

የእኔ ቁጥር አንድ የጃፓኑ ያሱጂሮ ኦዙ «የቶኪዮ ታሪክ» ነው፤ 1953። ሽማግሌውና አሮጊቷ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ ስለበዛባቸው ፍል ውሃ ወዳለበት ከተማ ይልኳቸዋል፤ እዚያም ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፍር ጎረምሳ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። የሚያስተናግዳቸው የሥጋ ልጅ አይደለም፤ በጦርነት የጠፋው ልጃቸው ሚስት ናት። ካሜራው ከወለሉ ብዙም ከፍ አይል፣ ወዲያ ወዲህ አይሮጥ። የሚጮህ የለም፤ የሚከሰስ የለም። ሽማግሌው ሁሉንም «እሺ» ይላል፤ ያ «እሺ» ነው የሚያንገበግበኝ።

ልጆቼን ጠርቼ አብረን እንየው ብላቸው ሁሉም ሥራ በዝቶብናል አሉ።

እናንተ ግን ከወላጆቻችሁ ጋር እዩት። ከታች የሚያልፈውን ትርጉምም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው።