ያልተወለደ ሰው የልብስ ሣጥን፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የተደረገ የመስክ ጥናት

በዚህ ጥናት «ልብስ» የተባለው፣ ገና ያልተወለደ፣ ቁመቱ ያልተለካ፣ ምርጫውን ማንም ያልጠየቀው ሰው በሌለበት የሚገዛለት ጨርቅ ሁሉ ነው። «ነፍሰ ጡር» የተባለችው አጥኚዋ ራሷ ናት። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። አንድ ሰው ለናሙና አይበቃም የሚሉ ይኖራሉ፤ እነሱ በስምንተኛ ወሯ ላይ ያለች ሴት ባጃጅ ውስጥ የምትይዘውን ቦታ ያላዩ ናቸው። ጥናቱ የተካሄደው በፍኖተ ሰላም አስፋልት ዳር፣ በቡሬ ገበያና በመካከላቸው ባለው፣ እናቴ በምትኖርበት የማንኩሳ ገጠር ነው። የገንዘብ ድጋፍ ያደረገልን የለም። ቢኖርም በልብስ ያልቅ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ከጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንዲት እርጉዝ እስክትወልድ ድረስ ቢያንስ 8 ጊዜ ባለሙያ ዘንድ እንድትቀርብ ይመክራል። ቀድሞ 4 ነበር። መመሪያው ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት በሚገባ ይናገራል፤ ወደ ክትትል በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ስለተሰቀለው ቱታ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። 8 ክትትል ማለት 8 መሄድና 8 መመለስ ነው፤ 16 ጊዜ በሱቅ ደጃፍ ማለፍ። ክትትሉ እጥፍ ሲሆን ፈተናውም አብሮ እጥፍ ሆኗል።

የሕፃን ልብስ ሱቅ ውስጥ አይቀመጥም። ከበራፉ ውጭ በገመድ ላይ፣ መካከለኛ ቁመት ላላት ሴት ዐይን ትክክል ሆኖ ይሰቀላል። ነፋስ ሲነካው እጁን ያወዛውዛል። አጥኚዋ አንድ ቀን ከስድስተኛው ክትትል ስትመለስ አንድ ቢጫ ቱታ እጁን ቢያወዛውዝላት መልሳ እጇን አውዛውዛለታለች። ይህ የሆነው ባጃጅ ውስጥ ስለሆነ ከሾፌሩ በቀር ያየ የለም፤ እሱም ሰው የጠራችለት መስሎት ቆመ። ከወረድኩ ወዲያ ባዶ እጄን መመለስ ነውር ሆነብኝ።

የሻጮቹ ንግግር ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። መክፈቻው «የቱርክ ነው» የሚል ነው። አንገቱ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ ገልብጬ ሳነብ ሌላ አገር አገኛለሁ፤ ሻጩም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ «የቱርክ» ማለት የአገር ስም ሳይሆን የማዕረግ ስም መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ቀጥሎ «ሰፋ ያለውን ውሰጂ፣ ያድግበታል» ይላል። ሰፋ ያለውን ስይዝ «ጠበብ ያለውንም ጨምሪበት፣ ሲወለድ እኮ ትንሽ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ክርክር የለውም። ኮፍያ፣ ቱታ፣ ጓንትና ካልሲ አንድ ላይ ሲታሰር «ሙሉ ሴት» ይባላል፤ ለወንድ ልጅም ቢሆን «ሙሉ ሴት» ነው። እጄ ወደ ቦርሳዬ መሄዱን ሲጠራጠር ደግሞ የመጨረሻውን ይተኩሳል፦ «እህቴ፣ ሰው ስንቴ ነው የሚወልደው?»

ጥያቄው መልስ የሚፈልግ አይመስልም። ሳይንስ ግን ጥያቄ አያልፍምና ማንኩሳ ስሄድ እማየን ጠየቅኋት። «ሰባት» አለች።

ዋጋን በብር መጥቀስ አይጠቅምም፤ ጽሑፉ እስኪታተም ይለወጣል። በአገራችን መለኪያ፣ በበርበሬ እንለካ። የጃቢ ጠህናንን፣ የወንበርማንና የቡሬን ገበሬ ኪስ የሚያሞቀው በርበሬ ነው፤ እኛ ቤት አንድ «ሙሉ ሴት» የሁለት ወር በርበሬያችን ነው። ሦስት «ሙሉ ሴት» ከገዛን ልጁ አምሮበት፣ እኛ እስከ ስድስት ወሩ አልጫ እየበላን እናሳድገዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት። ልብሶቹ ላይ «0-3» የሚል ተጽፏል፤ ገበያው «ዜሮ ሦስት» ይለዋል። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ መሠረት መካከለኛው ወንድ ልጅ ሲወለድ 3.3 ኪሎ፣ በ3 ወሩ 6.4 ኪሎ ነው፤ ሴቷ ከ3.2 ተነሥታ 5.8 ትደርሳለች። በ3 ወር ውስጥ ክብደቱን እጥፍ ለማድረግ ለሚቃረብ ሰው ልብስ ይሰፋለት ብትሉት ማንኛውም የአገራችን ልብስ ሰፊ መቀሱን አስቀምጦ ይሥቅባችኋል። ዜሮ ሦስት ልብስ እንግዲህ 90 ቀን ይኖራል።

ይሁንና ከ90ው ቀን ስንቱ ነው ለዐይን የሚውለው? ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። እስከዚያ አራስ ከቤት አትወጣም፤ ልጁም ለፀሐይና ለሰው ዐይን አይሰጥም። ነጠላ ስሟ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት ድርብ ናት፤ ጋቢ አራት ነው። ልጁ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ጋቢ ተደርቦለት ሲተኛ በቱታውና በጠያቂው መካከል ስድስት ሸማ አለ። ጠያቂዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገንፎዋን ትበላለች እንጂ ሸማ አትገልጥም። ገልጣ ብታደንቅ ዐይኗ ይፈራል፤ ገልጣ ዝም ብትል ትታማለች። ክርስትናው ዕለት ደግሞ ልጁ ራቁቱን ተጠምቆ የክርስትና አባቱ ያመጣለትን ነጭ ይለብሳል። እኔ የገዛሁት እዚያ ቦታ የለውም።

ስለዚህ የወንድ ልጅ ዜሮ ሦስት በአደባባይ የሚታየው ለ50 ቀን ሲሆን፣ የሴት ልጅ ደግሞ ለ10 ቀን ብቻ ነው። ከእነዚህም ቀናት ልጁ ያላስመለሰባቸውና ያልሸናባቸው በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ቱታው ታጥቦ ደጅ ይሰጣል። ጎረቤት ሁሉ በደንብ የሚያየው ያኔ ነው፦ ባዶውን፣ ገመድ ላይ፣ እጁን ሲያወዛውዝ። ለዚህ ለዚህማ ሱቁ ደጃፍ እንደተሰቀለ ቢቀር ሳሙናው ይተርፍ ነበር።

የሕክምናው ዘርፍ ከስሌታችን የባሰ ነገር ይዟል። ጤነኛ ልጅ እንደተወለደ ሰውነቱ ደርቆ፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ እንዲተኛ፣ ገላውን ለመታጠብም 24 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመከራል። በኮሎምቢያ ቦጎታ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐኪሞች የማሞቂያ መሣሪያ ቢያጥራቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት አሙቀው ማሳደግ ጀመሩ፤ ዘዴው «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተብሎ በዓለም ተዳረሰ። በዚህ ዘዴ የሕፃኑ ሙሉ አለባበስ ኮፍያ፣ ካልሲና የሽንት ጨርቅ ነው። ይህን ለሻጩ ነገርኩት። «ኮፍያም አለን» አለኝ።

የመከላከያ ዘዴዎችንም ሞክረናል። በማዶው የመንገድ ዳር መሄድን ሞከርኩ፤ ማዶም ሱቅ አለ። ገንዘብ ሳልይዝ መውጣትን ሞከርኩ፤ ሻጩ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ «በኋላ ላኪልኝ» አለኝ። በመጨረሻ ግዢውን በሙሉ ለባለቤቴ አስተላለፍኩ። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነው፤ ለሚስማር እንኳ ሦስት ሱቅ ዋጋ ይጠይቃል። ለክርስትናው በርበሬ እንዲገዛ ቡሬ ላክሁት። ቡሬ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ከነቀምት ይመጣል፤ በሦስቱም ዕቃ ይገባል። ባለቤቴ ማታ የታሰበውን በርበሬ ግማሽና አንድ ኮት ከነሱሪው፣ ከነክራቫቱ ይዞ ገባ። የኮቱ ርዝመት ከክንዴ እስከ መዳፌ ነው። «ልደቱ ላይ ይለብሰዋል» አለ። ሴት ከሆነችስ ስለው ትንሽ አሰበና «ክራቫቱን ትተን» አለ። የባሎች ተሳትፎ በወሊድ አገልግሎት ውስጥ ይጠናከር የሚሉ ወገኖች ይህን ግኝት ቢያጤኑት መልካም ነው።

እማየ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት። ማንኩሳ ሄጄ የገዛሁትን ሳሳያት አልነካችውም።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለልጁ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ገና ነዋ፣ እማየ።»

«እንግዲያስ ማንን ልታለብሺ ነው?»

መልሼ ስለ ዕድገት ሰንጠረዡ አስረዳኋት፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው። እሷም ልጅ ሳይወለድ ዕቃው አይዘጋጅም አለችኝ፤ ሟርት ነው፤ ዐይንም ይጠራል። ስም ቢዘገይ የሚቀር ነገር እንደሌለ ከከተማችን በላይ ማስረጃ የለም፤ ፍኖተ ሰላም ራሷ ቀድሞ ውጀት ስትባል ኖራ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። ለእማየ ልጅ የሚያስፈልገው ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ነው፤ አዲስ ጨርቅ ገላ ይፍቃል ትላለች፣ እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ አንቀልባ። የእኛ ቤት አንቀልባ ቆዳ ነው፣ ጠርዙ ዛጎል አለው፤ የእማየን ልጆች በሙሉ ያዘለ እሱ አንዱ ነው። ዜሮ ሦስት የሚል ነገር አልተጻፈበትም። ለሁሉም ልክ ሆኗል።

የማንኩሳ ሰው ለልጅ አይሳሳም እንዳይባል፣ በመጽሐፍ ከታወቁት የአገራችን ሕፃናት ሁሉ ስሙ የገነነው በዛብህ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕመም ቢያስፈራቸው ለብፅዓት ሰጡት፤ የዕድሜ ልክ ዕዳውን ልጁ ከፈለ። ከዚያ አንጻር ሲታይ «ሙሉ ሴት» ርካሽ ነው። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

የእማየን ሥርዓት ቁጠባ ነው ብዬ መዝግቤው ነበር። መረጃውን ሳመሳክር ግን ቁጥር አገኘሁ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የሚፈጸመው 5 ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የሕፃናቱ ሞት ወደ 48 ወረደ፤ በ2011 ዓ.ም. ጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 ወደ 48 ወጡ። እማየ የወለደችው ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ በፊት፣ እዚያው ቤቷ፣ ጎረቤቶቿ «ማርያም ማርያም» እያሉ ነው። ሰባት ወልዳለች ብያለሁ። እኛ አምስት ነን። ለሁለቱ ምን ተዘጋጅቶላቸው እንደነበረ አልነገረችኝም፤ እኔም በዚህኛው ጥያቄ ላይ ሳይንስን አላስገባሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቅ ደጃፍ ስቆም የሚገዛው ማን እንደሆነ ይገባኛል። እማየ ፈርታ አልገዛችም። እኔ ፈርቼ እገዛለሁ። የሚወዛወዝ እጅ ካለው ጨርቅ ጋር ቤት መግባት፣ ሰውየው መንገድ ላይ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ የመያዝ ያህል ነው። ደረሰኝ ስል፣ እውነተኛው ደረሰኝ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

አጥኚዋ የራሷን ጥፋት ሳትጠቅስ ብትዘጋ የጥናቱ ታማኝነት ይጎድላል። በሰባተኛው ክትትል መልስ ጫማ ገዛሁ። ቆዳ መሰል፣ ቡናማ፣ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፤ ጭቃ ላይ እንዳያንሸራትት። የዓለም ጤና ድርጅት ባጠናው መሠረት ጤነኛ ልጆች ሳይደገፉ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ጫማው ዜሮ ሦስት ነው። መሬት የሚረግጥ እግር በሚመጣበት ጊዜ ጫማው አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚይዘው። አባቴ የመጀመሪያ ጫማውን፣ ኮንጎ፣ ያደረገው ለሠርጉ ነው፤ ያኔ መራመድ ከጀመረ 20 ዓመት አልፎት ነበር። በእሱና በልጄ መካከል ቤተሰባችን በጫማ ረገድ ወደ 20 ዓመት ቀድሟል፤ በዕድገት ደረጃ ይህን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም።

ባለቤቴን በኮቱ ስወቅሰው ስለከረምኩ ጫማውን በፌስታል ጠቅልዬ በርበሬው ባልዲ ውስጥ ቀበርኩት። እሱ በርበሬ ሲገዛ እንጂ ሲጨልፍ ታይቶ አያውቅም።

ያላሰብኩት፣ የመውለጃ ወሬ ሲገባ እማየ ለአራስ ቤቱ ስንዴና ቅቤ ይዛ ከማንኩሳ መጣች። ደጃፉ ላይ «በሽልም ያውጣሽ» አለችኝና ጓዳ ገባች። በርበሬው የቡሬ መሆኑን ልታይ እጇን ባልዲው ውስጥ ስትሰድ ሰማሁ፤ የፌስታሉንም ድምፅ ሰማሁ። አስነጠሳት። ቆይታ ጫማዎቹን ይዛ ወጣችና በነጠላዋ ጫፍ አበሰቻቸው። ሶሉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ማሰሪያውን ፈታ መልሳ አሰረችው። ሟርትም፣ ዐይንም፣ ስሙ ማን ይባላልም አላነሣችም። ሁለቱን መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ግራው የቱ ነው?» አለች።

አብረን አየናቸው። ባለቤቴንም ጠራነው፤ እሱም በክንዱ ለካቸው። እስካሁን አልተለየም።